«ይደንሳሉ?» ወይስ «ትደንሻለሽ?»

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ድምፄ ሻከር ካለባችሁ ይቅርታ፤ ሌሊቱን ባልደርስ ጌት 3 የሚባለውን የኮምፒውተር ጌም ስጫወት ነው ያደርኩት። ሁለተኛ ዙሬ ነው። አትፍረዱብኝ፣ እሺ?

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ታናሽ ወንድሜ ውሃ ሊጠጣ ተነስቶ ሳሎን ደረሰብኝ። ስክሪኑ ላይ ዊል አለ፤ አንድ ዓይኑ ድንጋይ የሆነ፣ ቀንድ ያበቀለ ጥቁር ጎረምሳ። ካምፑ ውስጥ አብሬው እንድደንስ እየጠየቀኝ ነው። «ምን እያለሽ ነው?» አለኝ ወንድሜ፣ ዓይኑን እያሻሸ።

«ትደንሻለሽ?» ብዬ ልተረጉምለት ስል ተያዝኩ። ዊል እኮ የመስፍን ልጅ ነው፣ ጨዋ ነው። «ይደንሳሉ?» ነው የሚለው። ታዲያ መቼ ነው «አንቺ» የሚለኝ? ከዳንሱ በፊት ወይስ በኋላ? ጌሙ አማርኛ ቢያወራ ኖሮ ፍቅሩ የሚጀምረው ምናልባት እዚያች ላይ ነበር።

ከዚያ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። በመጀመሪያው ዙር የተጫወትኩት ወንድ ሆኜ ነው። ዊል ያኔም ለዳንስ ጠይቆኝ ነበር፤ ያኔም በዚያው ድምፅ።

ለማትጫወቱ ሰዎች፦ እንዲህ ባሉ የፋንታሲ ጌሞች ብቻችሁን አትጓዙም። ጓዶች አሏችሁ። በምትሠሩት ነገር ይደሰታሉ ወይ ይከፋቸዋል፣ ነጥብ ይጠራቀማል፣ ነጥቡ ሲሞላ ፍቅር ሊመጣ ይችላል። አዎ፣ በነጥብ። በ2009 በወጣው ድራጎን ኤጅ፦ ኦሪጅንስ ስጦታ መስጠትም ይቻላል፤ ጠንቋይዋን ጓዴን ሞሪጋንን በአንገት ሐብልና በጌጥ ነው ያለዘብኳት። ትንሽ ያሳፍራል።

በ2011 ድራጎን ኤጅ 2 መጣ፤ አራት ጓዶች ወንድም ሁኑ ሴት ፍቅራችሁን ይቀበላሉ። ባልደርስ ጌት 3ም እንደዚያው ነው። በሩ ለሁሉም ክፍት። ጥሩ ነገር ነው፣ አልቃወምም። ግን እንግሊዝኛ ይህን ነገር አቅልሎታል። «እወድሻለሁ» እና «እወድሃለሁ» እዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር ናቸው፤ ተዋናዩ አንዴ ይቀዳል፣ ለሁሉም ይሆናል። እኛ ብንሠራው ሁለቴ መቅዳት ነበረብን፤ «እርስዎ»ን ከጨመርን ሦስቴ። ጸሐፊው እያንዳንዷን መስመር ለማን እንደሚጽፍ ሳያውቅ አንድ ገጽ አይሄድም።

በ2014 የወጣው ድራጎን ኤጅ፦ ኢንኲዚሽን ላይ ሴት ሆኜ ከጓዶቼ አንዱን፣ ዶሪያንን ወደድኩት። በጨዋ ደንብ መለሰኝ። ዶሪያን የሚወደው ወንድ ነው፤ አባቱ ይህንን ሊለውጥበት በደም አስማት ሊጠቀም ሞክሮ ነበር፣ ከቤት የወጣውም በዚህ ነው። አባትና ልጅ መጠጥ ቤት ውስጥ ፊት ለፊት የሚገናኙበት ቦታ አለ፤ ቁጭ ብዬ ያለቀስኩበት። የእኔ ፍቅረኛ ሊሆን አልቻለም፣ ግን ከዚያ ጌም የማስታውሰው እሱን ነው።

እዚያው ጌም ላይ ቪቪየን የምትባል ጓድ ደግሞ አለች። ጥቁር ናት፣ ኩራቷ ሌላ ነው፣ ማንም ሊያፈቅራት አይችልም። መጀመሪያ ተናድጄ ነበር፤ ለምን እሷ ላይ ይዘጋል? በኋላ የዋይቨርን፣ የዘንዶ መሰል አውሬ፣ ልብ አምጪልኝ ብላ ላከችኝ። ለካ የምትወደው ሽማግሌ መስፍን ታሞ ሊሞት ነው፣ ልቡ ለመድኃኒት ነው። ሴትየዋ ቀድሞውኑ ሰው ነበራት! እኔ ስመጣ ሕይወቷ አልተጀመረም።

እና ዊል? ዊል ክፍት ነው፤ ለሁሉም። ግን ጉዳዩ እዚህ ላይ ነው የሚያመኝ። በመጀመሪያው ዙር ዳንሱን እምቢ ብዬ ወደ ሌላዋ ጓድ፣ ወደ ሻዶውኸርት ሄድኩ። ከጓዶቹ መካከል እኔን የሚመስለው እሱ ነው፣ አለፍኩት። ለምን ብዬ ራሴን ስጠይቅ መልሱ ቀላል ነበር፤ ካምፕ ስመለስ ሌሎቹ ሁሌ የሚነግሩኝ ነገር አላቸው፣ እሱ ዝም ይላል። ብዙ ተጫዋቾች በዚህ አማርረዋል። ጌሙ በጥቅምት 2020 ለሙከራ ሲወጣ የነበረው ዊል ሌላ ነው፤ በነሐሴ 2023 ሙሉው ሲወጣ ታሪኩ እንደ አዲስ ተጽፎ፣ ተዋናዩም ተቀይሮ ነበር። ሰውየው ዘግይቶ የተጻፈ ይመስላል፣ እንደ እኔ ግምት።

ታሪኩ ግን! በ17 ዓመቱ ከተማውን ለማዳን ነፍሱን ለአንዲት ሰይጣን አስያዘ፤ ውሉ ምክንያቱን እንዳይናገር ከለከለው፤ አባቱ አባረረው። ይህ ለሦስት ጌም አይበቃም? በሱ ፈንታ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ነገሩ የአባቱና የሰይጣኗ ሆኖ፣ እሱ መሐል ቆሞ «ምን ላድርግ?» እያለ እኔን ይጠይቃል።

ወደ ሌሊቱ ልመለስ። ደነስን። ወንድሜ ብርጭቆውን ይዞ ሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ፣ አልተኛም።

«ይሄ ሰው ምንሽ ነው?»

«እስካሁን ምንም። ወደፊት ግን ላግባሽ ይለኛል፤ ቀድሜ አንብቤዋለሁ።»

ትንሽ አሰበና፣ «ሽማግሌ ሳይልክ?» አለኝ።

«አባቱ ታፍኗል» አልኩት።

«እሱን ቀድማችሁ አስፈቱዋ» ብሎ ሊተኛ ሄደ።