ፎቶ አንሺው ስንት ሰዓት ይምጣ? የሐዋሳ አድማጮች ስለ ሰርግ ጠዋት የጠየቁት

ስለ ሙሽሪት ቤት የጠዋት ፎቶ ከደወላችሁልን መካከል አምስት ጥያቄዎችን መርጠን፣ የሰርግ ፎቶ ባለሙያው የሰጠንን መልስ አቅርበናል።

ጥያቄ፦ ከአቶቴ ነው የምደውለው። ሰርጌ ጥር ላይ ነው። ፎቶ አንሺያችን ከንጋቱ 12 ሰዓት እመጣለሁ ይላል፤ ሂሳቡም በሰዓት ነው። ሜካፕ ስሠራ ከመጀመሪያው መነሣት አለብኝ?

የለብሽም፣ እኅቴ። በጥር ሐዋሳ ላይ ፀሐይ የምትወጣው ከ12 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው፤ በዚያ ሰዓት የሚያነሣው አምፖልና እንቅልፍ ያልጠገቡ ሰዎችን ነው። ፀጉርሽ በቢጎዲን ተጠቅልሎ የተነሣሽውን ፎቶ ደግሞ አልበም ውስጥ አታስገቢውም።

ሰዓቱን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ቁጠሪ። ሙሽራው ከነሚዜዎቹ 4 ሰዓት ይደርሳል እንበል። ያን ጊዜ «አናስገባም» ለማለት የቤቱ ሰው በሙሉ በር ላይ ነው፤ አንቺን የሚያስታውስ የለም። ስለዚህ 3 ሰዓት ላይ ለብሰሽ መጨረስ አለብሽ። የቬሎው ጀርባ በክር የሚታሰር ከሆነ፣ ሚዜሽም ከዚህ በፊት አስራው የማታውቅ ከሆነ፣ ለእሱ ብቻ ግማሽ ሰዓት ያዢ። ሜካፑ እንግዲህ ከ2 ሰዓት ተኩል ማለፍ የለበትም። ፎቶ አንሺው 1 ሰዓት ተኩል ላይ ቢደርስ መጀመሪያ ቬሎውን፣ ጫማውን፣ ቀለበቱንና የጥሪ ካርዱን ያነሣል፤ ከ2 ሰዓት ጀምሮ የሜካፑን ማጠቃለያ ይይዛል።

ይህን ሁሉ የሚያፈርሰው የሚዜዎች ተራ ነው። አንዲት የሜካፕ ባለሙያ አራት ሚዜዎችን በ45 በ45 ደቂቃ ብትሠራ 3 ሰዓት ይፈጅባታል፤ ያንቺ 2 ሰዓት ሲጨመር 5 ሰዓት ይሆናል። ሙሽሪት መጨረሻ ላይ ትሠራ የሚሉ ብዙ ናቸው፤ ሜካፑ ትኩስ እንዲሆን ነው ምክንያታቸው። እኔ አልስማማም። የጠዋቱ መዘግየት ሁሉ ተጠራቅሞ የሚያርፈው መጨረሻ ላይ በተቀመጠችው ላይ ነው። ከአንቺ በኋላ የሚሠሩ አንድ ወይም ሁለት ሚዜዎች ይኑሩ፤ አቅም ካለ ደግሞ ሁለት ባለሙያ ይምጡ።

የሚነሡትን ዕቃዎች ማታውኑ አንድ ሣጥን ውስጥ ሰብስቢ። ቀለበቱ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በሙሽራው ሚዜ ኪስ ውስጥ፣ ከተማው ሌላ ጫፍ ላይ ነው። ለቬሎው የእንጨት መስቀያ አዘጋጂ፤ የኪራይ ቬሎ የሚመጣው በፕላስቲክ መስቀያ ነው፣ አንዳንዴም የሱቁ ስም ተጽፎበት።

ከ3 እስከ 4 ያለችው ሰዓት የቤተሰብ ናት። የወላጆችሽን ጉልበት ስትስሚ፣ ሲመርቁሽ፣ ዋናው ፎቶ እሱ ነው። ዝቅ ስትዪ ዓይነ ርግቡ ወደ ፊት ወርዶ ፊትሽን ይሸፍነዋል፤ ስለዚህ ፀጉር ሠሪዋ የፀጉር ማስያዣ ጨምራ ታጥብቀው። ፎቶ አንሺውም ከአባትሽ ወንበር ጎን ወለሉ ላይ ይንበርከክ። ከኋላሽ ከቆመ የሚያነሣው ጀርባሽን ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ከታቦር። ቤታችን ጠባብ ነው፣ ግድግዳው አረንጓዴ ቀለም ነው። ለፎቶው ስንል የሆቴል ክፍል እንከራይ?

ለፎቶው ብላችሁ ከሆነ አያስፈልግም። አንድ መስኮትና ከፊቱ ሁለት ሜትር ባዶ ቦታ ይበቃል። ወፍራሙን መጋረጃ አውርዱ፣ ስሱን ተዉት፣ አምፖሉን አጥፉ። የቀን ብርሃንና አምፖል ከተቀላቀሉ ነጩ ቬሎ በአንድ ጎኑ ቢጫ፣ በሌላው ሰማያዊ ይመስላል። አረንጓዴ ግድግዳ ቀለሙን ፊት ላይ ስለሚያንጸባርቅ ሙሽሪት ከግድግዳው ራቅ ብላ ወደ መስኮቱ ትዙር፤ ከተቻለም ነጭ አንሶላ ግድግዳው ላይ ይሰቀል። የተደረደረው የለስላሳ ሣጥንና ፍራሽ ግን ማታውኑ ይውጣ፤ ሲነጋ የሚያወጣው ሰው አይገኝም።

ሆቴል ከተመረጠም ስለ ሐይቁ አንድ ነገር ልበል። ሐይቁ ከከተማው በስተ ምዕራብ ነው። ሐይቁን የሚያይ ክፍል ጠዋት ቀጥተኛ ፀሐይ አይገባበትም፤ ብርሃኑ ለስላሳ ነው፣ ለሜካፕም ለፎቶም ይስማማል። ፕሮግራማችሁ ከሰዓት በኋላ ከሆነ ግን ያው መስኮት ዓይን የሚያስጨፍን ፀሐይ ያስገባል። ፍቅር ሐይቅ ላይ የጀምበር መጥለቂያ ፎቶ የሚያምረውም በዚሁ ምክንያት ነው። አሞራ ገደል፣ ዓሣ ገበያው ድረስ ሄዳችሁ ከትልቁ ወፍ ከአባ ኮዳ ጋር ለመነሣት ካሰባችሁ ደግሞ ቬሎውን ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ያዙት፤ የዓሣው ውኃ ለሙሽራ አያዝንም።

ጥያቄ፦ እናት ነኝ። ልጄ ስትለብስ ወንድ ፎቶ አንሺ ክፍል ውስጥ እንዲገባ አልፈልግም። እሷ ደግሞ «አሁን ሁሉም እንዲህ ነው» ትለኛለች።

እናቴ፣ ልክ ነዎት፣ እሷም አልተሳሳተችም። የአለባበስ ፎቶ የሚባለው ልብሱ ከተለበሰ በኋላ የሚጀምር ነው፦ የጀርባው ክር ሲታሰር፣ የአንገት ሐብሉ ሲንጠለጠል። እስከዚያ ፎቶ አንሺው ሳሎን ይቆይ፤ ሲጠራ ይግባ። ሐብሉን እርስዎ ያጥልቁላት፣ ያን ጊዜ የሁለታችሁም ፎቶ ይወጣል። እኔ ከካሜራው ይልቅ የምፈራው የሚዜዎቹን ስልክ ነው። ሙሽራው ሳያያት ቴሌግራም ላይ የሚለጠፈው ከዚያ ነውና፣ ስልኮቹን አንዲት ታላቅ እኅት ትሰብስብ።

ጥያቄ፦ በተክሊል ነው የምንጋባው፣ ከቤት የምንወጣው ሌሊት ነው። የዝግጅት ፎቶ እንዴት ይሆናል?

ሌሊቱን ለካሜራ አታስጨንቁት። ተክሊል ከቅዳሴ ጋር የሚፈጸም፣ ጾማችሁን የምትቆርቡበት ሥርዓት ነው፤ ሜካፕና ቬሎ ለኋላ ይቆዩ። ከቤት ስትወጡ እናት ነጠላ ሲያለብሱ፣ በአንድ መብራት የተነሡ ጥቂት ፎቶዎች ይበቃሉ። ተመልሳችሁ፣ ቀምሳችሁ፣ ለምሳው ግብዣ ስትለብሱ በቀን ብርሃን ሙሉውን ዝግጅት ማንሣት ይቻላል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የት መቆም እንደሚፈቀድ ግን ፎቶ አንሺው ቀድሞ ካህናቱን ይጠይቅ።

ጥያቄ፦ ጀማሪ ፎቶ አንሺ ነኝ፣ ብቻዬን ነው የምሠራው። ሙሽራው መናኸሪያ አካባቢ፣ ሙሽሪት ታቦር ናቸው። ማንን ላስቀድም?

ሙሽራውን፣ ወንድሜ። ክራቫት ማሰር፣ ኮት መልበስ፣ ከአባቱ ጋር መነሣት ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። 1 ሰዓት ላይ እዚያ ሁን፤ ሚዜዎቹ ካልለበሱ አትጠብቃቸው፣ ሙሽሪት ቤት በር ላይ ታገኛቸዋለህ። ስትወጣ ቀለበቱን ለፎቶ ተቀበላቸው፣ ለማን እንደምትመልስም እዚያው ተስማማ። ወደ ሙሽሪት ቤት በባጃጅ ሂድ እንጂ ከሰርገኛው መኪና ጋር እመጣለሁ አትበል፤ ሰርገኛ ሰዓት አያከብርም። ባትሪህን ከዋዜማው ቀን ጀምረህ ሙላ፤ ማታ መብራት ቢጠፋ ጠዋት ሙሽሪት ቤት ያለችውን አንዲት ሶኬት የፀጉር ማድረቂያው ይዟታል።