ፈቃድ ሰጪው ጦሩ ሲሆን

ሰላም ወዳጆቼ፣ እንደምን ከረማችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። ሰሞኑን ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለ አንድ ቁጥር ላወራችሁ ነው። ቁጥሩ አስር ነው።

እስራኤል የፍልስጤማውያኑን ግዛት ዌስት ባንክን የያዘችው በፈረንጆቹ 1967፣ በሰኔ ወር ነው። ሦስት ወር ሳይሞላ ጦሩ ወታደራዊ ትዕዛዝ ቁጥር 101ን አወጣ። አስርና ከዚያ በላይ ፍልስጤማውያን ለፖለቲካ ጉዳይ ሊሰበሰቡ ከፈለጉ የጦሩ ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል። ሰልፍ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ፖለቲካ ተብሎ ሊተረጎም የሚችል ንግግር ያለበት ስብሰባም ያው ነው። የጣሰ ሰው እስከ 10 ዓመት ሊታሰር ይችላል።

እስቲ አስቡት። አስር ሰው እኮ አንድ ቤተሰብና ጎረቤቱ ነው! ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ስለ ተወሰደ መሬት ማውራት ራሱ ያሰጋል። እዚያው የሰፈሩት እስራኤላውያን ግን የሚዳኙት በአገራቸው የሲቪል ሕግ ነው።

የጸጥታ ስጋት የለም አልልም። የጦርነት ሕግ የሆነው የ1907ቱ የሄግ ደንብም ግዛት የያዘው ኃይል ሰላም እንዲያስከብር ያዛል። ግን መፈክር ይዞ የቆመን ሰው ማሰር ምን ሰላም ያስከብራል? ዓለም አቀፉ የፍትህ ፍርድ ቤት በ2004 በሰጠው የምክር አስተያየት፣ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን በተያዘው ግዛትም እንደሚሠራ ተናግሯል። የመናገርና በሰላም የመሰብሰብ መብት እዚያ ውስጥ አለ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። መፈክር የያዘው ፍልስጤማዊ የጦሩን አዛዥ አልመረጠውም፣ በምርጫም አያወርደውም። ትዕዛዙን የሚያወጣው ጦሩ፣ የሚያስረው ጦሩ፣ የሚፈርደውም የጦሩ ፍርድ ቤት። የቀረችው መንገድ ወጥቶ መጮህ ነው። ለእሷም የሚቃወመውን አካል ደጅ ይጠና?

በዌስት ባንክ ያለችውን የቢልዒንን መንደር ላንሳ። እስራኤል የሠራችው አጥር እርሻቸውን ስለቆረጠባቸው ነዋሪዎቹ ከ2005 ጀምሮ በየሳምንቱ አርብ ሰልፍ ይወጡ ነበር። ጎን ለጎን ክስ መሠረቱ። በ2007 የእስራኤል ከፍተኛ ፍርድ ቤት አጥሩ ቦታ እንዲቀይር ወሰነ። የአገሩ ፍርድ ቤት አቤቱታቸውን ተቀብሏል ማለት ነው።

በ2010 ግን ከሰልፉ አስተባባሪዎች አንዱን ወታደራዊ ፍርድ ቤት በማነሳሳትና ሕገወጥ ሰልፍ በማዘጋጀት ጥፋተኛ ብሎ እስር ፈረደበት። አጥሩ ከቦታው የተነሣው በ2011 ነው። ውሳኔው ሳይፈጸም፣ እንዲፈጸም የጮኸው ሰው ቀድሞ ታሰረ።