ጋዝ ሲያንስ ማን ይቅደም?

ክቡራትና ክቡራን፣

በአውሮፓውያኑ ነሐሴ 2022 የግብፅ መንግሥት የጎዳና መብራት እንዲቀነስ አዘዘ። የገበያ ማዕከላትም ማቀዝቀዣቸውን ከ25 ዲግሪ በታች እንዳያደርጉ ተነገራቸው። ጋዝ አልቆ አይደለም። ኃይል ማመንጫዎች ከሚያቃጥሉት ቆጥቦ ለውጭ ገበያ ለመሸጥ ነው። የዩክሬን ጦርነት ከተጀመረ ገና ወራቱ ነበር፤ አውሮፓ ጋዝ በተባለው ዋጋ ትገዛለች። ዶላር የቸገረው መንግሥት እንዲህ ቢያስብ አልፈርድበትም።

በዓመቱ ግን መብራት በፈረቃ መጥፋት ጀመረ። በ2024 ሱቆች ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ እንዲዘጉ ታዘዘ። ያቺው ጋዝ ላኪ አገር ፈሳሽ ጋዝ በመርከብ ወደ ማስመጣት ተመለሰች።

እዚህ እንዴት ተደረሰ? በ2015 ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ዞር የተባለ ግዙፍ የጋዝ ክምችት ተገኘ። በ2018 መንግሥት ፈሳሽ ጋዝ ከውጭ ማስገባት ማቆሙን አስታወቀ። ከ2020 ጀምሮ ደግሞ ከእስራኤል በቧንቧ መግዛት ያዘ። በ2021 ለዓመታት ሥራ ፈትቶ የቆመው በደሚየታ ወደብ ያለው ጋዝን ወደ ፈሳሽ የሚለውጥ ፋብሪካ እንደገና ወደ ውጭ መላክ ጀመረ። በአንድ በር ይገባል፣ በሌላው ይወጣል። ይሄ በራሱ ነውር የለበትም፤ ነጋዴም ያደርገዋል። ጉዱ የወጣው የዞር ምርት ሲወርድና በጥቅምት 2023 የእስራኤሉ ታማር የጋዝ መስክ በጦርነቱ ምክንያት ለጊዜው ሲዘጋ ነው። ያው አንድ ጋዝ ለኃይል ማመንጫውም፣ ለውጭ ገዢውም፣ ለካዝናውም ቃል ተገብቶበት ነበር።

ሀብታም አገርም ከዚህ አያመልጥም። አሜሪካ ሉዊዚያና ውስጥ ያለው የሳቢን ፓስ ወደብ በ2008 የተከፈተው ጋዝ ለማስገባት ነበር። በ2016 ከዚያው ጋዝ ተጭኖ ወጣ። በጥር 2024 ባይደን አዲስ የኤክስፖርት ፈቃድ መስጠትን ለጊዜው አቆሙ፤ በጥር 2025 ትራምፕ ሥልጣን በያዙበት ቀን ውሳኔውን ሻሩት። ጋዝን ወደ 162 ዲግሪ ከዜሮ በታች አቀዝቅዞ ፈሳሽ የሚያደርግ ፋብሪካ ግን ለመሥራት ዓመታት ይፈጃል። ውሉም እስከ 20 ዓመት ይደርሳል። ፖሊሲው በዓመት እየተገለበጠ ባለሀብቱም፣ ቤቱን በጋዝ የሚያሞቀውም በምን ይተማመን?

አውስትራሊያን እዩ። ምዕራብ አውስትራሊያ ከ2006 ጀምሮ ከኤክስፖርት ፕሮጀክቶች 15 በመቶ የሚሆነው ጋዝ ለክልሉ እንዲቀር የሚል ፖሊሲ አላት። ምሥራቁ ይህን ሳያደርግ ከግላድስተን ወደብ ጋዝ መላክ ጀመረ። የአገር ውስጥ ዋጋ ናረ፣ ፋብሪካዎች ጮሁ። በ2017 የፌዴራሉ መንግሥት ኤክስፖርት የሚገታበት ደንብ አወጣ፤ ውሎቹ ከተፈረሙ፣ ጋዝ ፈሳሽ የሚያደርጉት ፋብሪካዎችም ከተገነቡ በኋላ ማለት ነው። ያኔ ገዢውም ተቆጣ፣ ሻጩም ተቆጣ።

እናም የጋዝ ረቂቅ ፖሊሲ ሲቀርብላችሁ ስለ ክምችቱ ብዛት የሚያወራውን ምዕራፍ እለፉት። ጋዝ ባነሰ ቀን መጀመሪያ የማን ቧንቧ እንደሚዘጋ የሚናገረውን ገጽ ፈልጉ። ከሌለ አትፈርሙ።

አመሰግናለሁ።