ሱማትራ፦ ኮራል የመዘገበው የመሬት መንቀጥቀጥ

[ምስል፦ ጥልቀት በሌለው ባሕር ውስጥ ያለ ክብ ኮራል፣ ከቅርብ]

እስቲ ይህን አስተውሉት። ዙሪያው ከፍ፣ መሐሉ ጎድጎድ ያለ፤ ሲያዩት የድንጋይ ሳህን ይመስላል። ኮራል ነው። የሚገኘው በኢንዶኔዥያ፣ ከሱማትራ በስተምዕራብ በተደረደሩት ደሴቶች ዳርቻ ነው። ኮራል ሕያው ፍጥረት ስለሆነ ከውኃ ወጥቶ ፀሐይ ሲመታው ይሞታል። ስለዚህ ባሕሩ እጅግ በሚሸሽበት ሰዓት ውኃው እስከሚደርስበት ልክ ድረስ ብቻ ወደ ላይ ያድግና ከዚያ ወደ ጎን ይሰፋል። ታዲያ የዚህኛው ጠርዝ ከመሐሉ እንዴት በለጠ? የቆመበት መሬት ዓመት በዓመት ስለሰመጠ ነው። መሬቱ ዝቅ ሲል ውኃው ከፍ ይልለታል፤ ጠርዙም ውኃውን ተከትሎ ይወጣል። በመጋዝ ሲሰነጠቅ እንደ ዛፍ ግንድ የዓመት ቀለበት አለው፤ መቼ ምን ያህል እንደሰመጠ ይቆጠርበታል።

ደሴቱን ወደ ታች የሚጎትተው ማን ነው?

[ሥዕል፦ የሱማትራና የውቅያኖሱ ወለል፣ ከጎን ተቆርጦ]

የሕንድ ውቅያኖስን ወለል የተሸከመው የመሬት ሰሌዳ (ከምድር ቅርፊት ግዙፍ ቁራጮች አንዱ) በዓመት 5 ሴንቲሜትር ገደማ እየገፋ ከሱማትራ ሥር ይገባል። በቀላሉ ቢንሸራተት ኖሮ ይህን ቪዲዮ አልሠራም ነበር። ግን አለት ከአለት ተናክሶ ይቆለፋል። የታችኛው መውረዱን አይተውም፤ የላይኛውን ጠርዝ፣ ደሴቶቹን ጭምር፣ ይዞ ይወርዳል። ጠርዙም እንደ አርጩሜ እየተለመጠ መቶ፣ አንዳንዴም ሁለት መቶ ዓመት ይቆያል። የተለመጠ አርጩሜ ሲለቁት ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ።

ዲሴምበር 26 ቀን 2004 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ ከሲመሉ ደሴት በስተሰሜን ቁልፉ ተላቀቀ። መላቀቁም በአንድ ቦታ አልቆመም፤ እንደሚተረተር ስፌት 1,300 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ሄደ። መጠኑ 9.1 ነበር። የተፈናጠረው የባሕር ወለል በላዩ ያለውን ውኃ አነሳው፤ ሱናሚውም ከ220,000 በላይ ሰዎችን ገደለ። ሦስት ወር ቆይቶ፣ ማርች 28 ቀን 2005፣ በስተደቡብ ያለው ጎረቤት ክፍል በ8.6 ተከተለ። በኒያስ ደሴት ዳርቻው እስከ 3 ሜትር ገደማ ከፍ አለና የኮራሉ መስክ ከነሕይወቱ ፀሐይ ላይ ወጣ። ስንት ዘመን ሲሰምጥ የኖረ መሬት በደቂቃዎች ውስጥ ተመለሰ ማለት ነው።

ወደ ደቡብ፣ ወደ ሜንታዋይ ደሴቶች ስንወርድ ኮራሎቹ የ1797ንና የ1833ን ታላላቅ መንቀጥቀጦች መዝግበው ይዘዋል። ከዚያም በፊት፣ 700 ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ሲነበቡ፣ በየሁለት መቶ ዓመቱ አካባቢ ተመሳሳይ ነገር ይታያል። ሴፕቴምበር 2007 ላይ 8.4 የሆነ መንቀጥቀጥ መጥቶ ነበር፤ የተጠራቀመውን ሁሉ ግን አልለቀቀም።

[ካርታ፦ ትይዩ የሆኑ ሁለት መስመሮች፤ የውጪዎቹ ደሴቶችና የእሳተ ገሞራዎቹ ሰንሰለት]

እሳተ ገሞራዎቹስ? እነ ሲመሉና ኒያስ አንድም የላቸውም። ያሉት ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ራሱ ሱማትራ ላይ ነው፤ ሰንሰለቱ ከዚያ በክራካታው በኩል ወደ ጃቫ ይቀጥላል። ብዙ ሰው የወረደው ሰሌዳ ራሱ ቀልጦ የሚወጣ ይመስለዋል፤ እኔም ለረጅም ጊዜ እንዲያ ነበር የመሰለኝ። ዋናው ሥራ የውኃ ነው። ሰሌዳው በባሕር ሥር ሲኖር አለቱ ውኃ ጠጥቷል። 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲወርድ ሙቀትና ግፊት ያንን ውኃ ይጨምቁታል፤ ውኃው በላዩ ወዳለው ትኩስ አለት ሲገባ የመቅለጫውን ሙቀት ዝቅ ያደርግበታል። የቀለጠው አለት ወደ ላይ ያቀናል። ክራካታው በ1883 ሲፈነዳ ከ36,000 በላይ ሰዎች፣ በአብዛኛው በሱናሚው፣ ለመሞታቸው መነሻው እዚያ ታች የተጨመቀ የባሕር ውኃ ነው ቢባል ብዙ አልተጋነነም።

ሁሉም መንቀጥቀጥ ግን ሱናሚ አያመጣም። በ2009 የፓዳንግን ከተማ ያፈራረሰው 7.6 የተነሳው 80 ኪሎ ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ፣ በሚወርደው ሰሌዳ ውስጥ ነበር። ከአንድ ሺህ በላይ ሰው በሕንፃ ፍርስራሽ ሥር ሞተ፤ ባሕሩ ግን ብዙም አልተነካም።

የሲመሉ ሰዎች ይህን ልዩነት በመሣሪያ አልለዩትም። በ1907 ሱናሚ ደሴቲቱን ከጠረጋት ወዲህ አያቶች ለልጆች "ስሞንግ" የሚሉትን ያወርሳሉ፦ መሬት በኃይል ከተናወጠና ባሕሩ ከሸሸ፣ ወደ ኮረብታ ሩጥ። በ2004 ማዕበሉ የደረሰው በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ነበር፤ ወደ 78,000 ከሚጠጋው ሕዝብ የሞቱት ሰባት ናቸው።

ኦክቶበር 25 ቀን 2010 ምሽት ሜንታዋይ ላይ የሆነው ግን ሌላ ነው። መንቀጥቀጡ 7.8 ቢሆንም ስንጥቁ የተላቀቀው ቀስ ብሎ፣ ሰሌዳው መውረድ በሚጀምርበት የባሕር ቦይ አጠገብ ነበር። መሬቱ ለስለስ ብሎ፣ ግን ለረጅም ጊዜ ተወዛወዘ። ብዙዎች ቀላል መስሏቸው ቤታቸው ቆዩ። ሱናሚው ከ400 በላይ ሰዎችን ወሰደ። ስለዚህ በእነዚህ ዳርቻዎች የሚቆጠረው የንቅናቄው ኃይል ብቻ አይደለም፤ ቆይታውም ነው። በስተሰሜን፣ ከሜንታዋይ ደሴቶች አንዷ ከሆነችው ከሲበሩት ሥር ያለው ቁልፍ ደግሞ ከ1797 ወዲህ ሙሉ በሙሉ አልተላቀቀም።