በሮቦት የሚታገዝ የፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና፦ የአድማጮች ጥያቄና የሐኪሙ መልስ

ከፍኖተ ሰላም የደወሉ አድማጭ፦ «ታላቅ ወንድሜ የፕሮስቴት ካንሰር ተገኝቶበታል። ውጭ አገር ያለው ልጁ ወስዶ በሮቦት ሊያሳክመው አስቧል። ሐኪም እያለ ማሽን ሲቀድደው እንዴት ይታመናል?»

መልስ፦ ግራ የሚያጋባው ስሙ ነው እንጂ ሮቦቱ በራሱ አንዲት ክር እንኳ አይጎትትም። ቀዶ ሐኪሙ ከሕመምተኛው አልጋ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ፣ ግንባሩን መመልከቻው ላይ አስደግፎ ይቀመጣል፤ ጣቶቹን ሲያንቀሳቅስ በትንንሽ ቀዳዳዎች ወደ ሆድ የገቡት ቀጫጭን መሣሪያዎች ያንኑ እንቅስቃሴ አሳንሰው ይደግማሉ፣ የእጅ መንቀጥቀጥም ይጣራል። አልጋው አጠገብ ደግሞ ረዳት ሐኪም ይቆማል። ፕሮስቴት የተባለው፣ ከፊኛ በታች ያለው የወንዶች እጢ ከወጣ በኋላ የፊኛውን አፍ ከሽንት ቧንቧው ጋር መልሶ መስፋት ያስፈልጋል፤ ስፌቱ ከዳሌ አጥንት ጀርባ ባለ ጠባብ ቦታ የሚሠራ በመሆኑ፣ እንደ ሰው አንጓ የሚተጣጠፈው መሣሪያና እስከ 10 እጥፍ አጉልቶ የሚያሳየው ካሜራ ይበልጥ የሚጠቅሙት እዚህ ላይ ነው።

ከደብረ ማርቆስ፦ «አባታችን ከእምብርት በታች ተከፍቶ በሚደረገው በተለመደው ቀዶ ሕክምና ቢታከም ይጎዳል? ለሮቦቱ ብለን በሬዎቹን ልንሸጥ ነው።»

መልስ፦ በሬዎቹን ለመሸጥ አትቸኩሉ። በሮቦት ሲሠራ የሚፈሰው ደም ያነሰ ነው፣ ሕመምተኛውም ሆስፒታል የሚቆየው ለአጭር ጊዜ ነው። ይሁን እንጂ በአውስትራሊያ ብሪዝበን ከ300 በላይ ወንዶችን በዕጣ ለሁለቱ ዘዴዎች የመደበው ጥናት፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ሽንትን በመቆጣጠርም ሆነ በወሲብ አቅም ረገድ ጉልህ ልዩነት አላገኘም። ስለዚህ ሐኪሙን «ማሽን አለዎት?» ከማለት ይልቅ «ይህን ቀዶ ሕክምና በዓመት ለስንት ሰው ይሠራሉ?» ብላችሁ ጠይቁት። ከዚያም በፊት ካንሰሩ ከእጢው አለመውጣቱ መረጋገጥ አለበት፤ አጥንት ላይ ከደረሰ ዋናው ሕክምና የወንድ ሆርሞንን በመርፌ ወይም የዘር ፍሬዎችን በማውጣት መቀነስ እንጂ እጢውን ማውጣት አይደለም። ከእጢው ላልወጣ ካንሰርም ቢሆን ጊዜ አለ፦ 1,643 ወንዶችን የተከታተለው የብሪታንያ ጥናት በ15 ዓመት ውስጥ በዚሁ ካንሰር የሞቱት 3 በመቶ ገደማ ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል፤ ቀዶ ሕክምና፣ ጨረር ወይም ክትትል ብቻ የተመደበላቸው ሰዎች ውጤትም ተቀራራቢ ነበር።

ከቡሬ የደወሉ እናት፦ «ባለቤቴ ከወር በፊት ተሠርቶ መጣ። ቱቦው ከወጣ ወዲህ ሽንት ያመልጠዋል፣ ያፍራልም። ማረስስ የሚችለው መቼ ነው?»

መልስ፦ እናቴ፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሽንት ማምለጡ የተለመደ ነው፤ በአብዛኞቹ ላይ ቀስ በቀስ ይቀንሳል። ሽንትን ለመያዝ የሚያገለግሉትን ጡንቻዎች ጥብቅ አድርጎ ጥቂት ሰከንድ መያዝና መልቀቅ፣ ይህንንም በቀን ደጋግሞ ማድረግ ይረዳዋል። ስንፈተ ወሲብም ሊያጋጥም ይችላል፤ ነርቮቹ በእጢው ግራና ቀኝ ተጣብቀው ስለሚያልፉ ሐኪሙ ሁልጊዜ ሊያተርፋቸው አይችልም። ይህን ለሐኪም መንገር ነውር አይደለም፣ መድኃኒትም አለው። እርፍ መጨበጡን፣ ሸክሙንና በቅሎ መቀመጡን ቢያንስ ስድስት ሳምንት እስኪሞላው ይተው፤ መራመድ ግን ይጠቅመዋል። ትኩሳት ወይም የረጋ ደም በሽንቱ ካየ፣ ወይም ሽንቱ ከቆመ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይሂድ። ፒኤስኤ የተባለው የደም ምርመራ እጢው ከወጣ በኋላ ወደ ዜሮ የተጠጋ መሆን አለበት፤ ቁጥሩ ከላቦራቶሪ ላቦራቶሪ ስለሚለያይ ከተቻለ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ይመርመር፣ ወረቀቶቹንም እርስዎ ያስቀምጡለት።