ትንሿ ቲዩብ አምፕ እና የባሕር ዳር መብራት

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ትንሿ የጊታር ቲዩብ አምፕ፣ ማለትም የጊታሩን ድምፅ አየር በሌለባቸው የመስታወት ቲዩቦች ስለምታጎላው ማጉያ ነው። 5 ዋት ጉልበት፣ ባለ 8 ኢንች ስፒከር፣ ብዙ ጊዜም አንድ የድምፅ ቁልፍ ብቻ ያላት ሳጥን። ባሕር ዳር ላይ ጊታር ለሚጫወት ሰው ገንዘብ ሊወጣባት ይገባል ወይ? የኔ መልስ "አዎ" ነው፤ ነገር ግን ስለ ድምፅዋ የምንጨነቀውን ያህል ስለ መብራቱ መጨነቅ አለብን። እሱ ላይ ረዘም አድርጌ እመጣለሁ።

መጀመሪያ ውስጧን እንይ። ብዙዎቹ ትንንሽ አምፖች የተቀዱት ፌንደር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከሠራት፣ ቻምፕ ከምትባል አምፕ ነው። በፈረንጆቹ 1950ዎቹ መጨረሻ የነበረችው ቻምፕ 3 ቲዩብ ብቻ ነበራት። 12ኤኤክስ7 ከጊታሩ የሚመጣውን ደካማ ምልክት ያጎላል፤ 6ቪ6 ስፒከሩን ይነዳል፤ 5ዋይ3 ደግሞ ተለዋዋጩን ኤሌክትሪክ ወደ ቀጥታ ይቀይራል። ከብዙ ዓመት በኋላ የመጣችው የኤፒፎን ቫልቭ ጁኒየር በ6ቪ6 ቦታ ኢኤል84 አስገባች፤ የ5ዋይ3ን ሥራ ቲዩብ ላልሆነ ትንሽ ዕቃ፣ ለዳዮድ፣ ሰጠች። ያም ሆነ ይህ በጊታሩና በስፒከሩ መካከል የሚቆመው ነገር በጣም ጥቂት ነው።

ውበቷ የሚመጣው ከዚሁ ነው። ስፒከሩን የሚነዳው አንድ ቲዩብ ስለሆነ የድምፁን ሞገድ ላዩንም ታቹንም ብቻውን ይሸከማል። ጉልበቱ ሲያልቅ ሁለቱ ወገን እኩል አይቆረጡም፤ አንዱ ይቀድማል። ስለዚህ ከመታችሁት ኖታ አንድ ኦክታቭ ከፍ ያለ ድምፅ ተከትሎ ይወጣል፤ ጆሯችን ሙቀት አለው የሚለው እሱን ነው። ክሩን በስሱ ስትነኩ ትጠራለች፣ ጠንከር ስታደርጉ ትሻክራለች። ትዝታን በነጠላ ኖታ እየሳበና እያለሳለሰ ለሚጫወት እጅ ይህ ትልቅ ስጦታ ነው፤ ዜማው ዝቅ ሲል እሷም ዝቅ ትላለች።

ሁለት ኖታ አንድ ላይ ሲመታ ግን ነገሩ ይለወጣል። በሻከረ አምፕ ውስጥ የሚያልፉ ሁለት ድምፆች የድምራቸውንና የልዩነታቸውን ድምፅ ይወልዳሉ። ኖታዎቹ በኦክታቭ ወይም በአምስተኛ የሚራራቁ ከሆነ የተወለደው ድምፅ ከዜማው ጋር ይስማማል፤ በግማሽ ድምፅ ከሆነ ግን ይጨቀያል። አንቺሆዬን ከዶ ብትነሱ ዶና ሬ ቤሞል፣ ፋና ሶል ቤሞል ጎን ለጎን ናቸው። አምባሰልም ላይ ሁለት ቦታ እንዲህ ያለ ጉርብትና አለ። እነዚህን ጎረቤቶች አብሮ እያስጮሁ ጥራት መጠበቅ ከንቱ ድካም ነው። የጊታሩን ቮልዩም ወደ 5 ወይም 6 ዝቅ አድርጉ። ያ ካልበቃ 12ኤኤክስ7ን አውጥታችሁ 12ኤዋይ7 ተኩበት። የመጀመሪያው የማጉላት መጠን 100፣ የሁለተኛው 45 ገደማ ነው። የእግሮቻቸው አሰላለፍ አንድ ስለሆነ ሶልደር አያስፈልግም፤ አምፕዋ ጠፍታ ስትቀዘቅዝ ነቅሎ መትከል ብቻ ነው።

ጉልበቷስ? ድራም ካለበት ባንድ ጋር ብቻዋን አትበቃም፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ሆኖም 50 ዋት ከ5 ዋት አሥር እጥፍ አይጮህም፤ ለጆሮ ሁለት እጥፍ ገደማ ነው። የስፒከሩ ብቃት ከዋቱ በላይ ለውጥ የሚያመጣበት ጊዜ አለ፦ በአንድ ዋት 94 ዴሲቤል የሚጮኸውን አውጥቶ ባለ 100 ዴሲቤል ማስገባት ዋቱን በአራት ከማባዛት ጋር እኩል ነው። ጣና ዳር ባለ ክፍት ግቢ፣ ድምፁን የሚመልስ ግድግዳ በሌለበት ማታ፣ ያም አይበቃም፤ ማይክ ደግኖ ወደ ሚክሰር መላክ ነው። ተራ ዳይናሚክ ማይክ ከስፒከሩ ከ2 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር አስጠግታችሁ፣ ከመሃሉ ክብና ከጠርዙ እኩሌታ ላይ አድርጉት። ወደ መሃል በተጠጋ ቁጥር ድምፁ ይሰላል፣ ወደ ጠርዝ በሄደ ቁጥር ይደነዝዛል። አምፕዋን ወንበር ላይ አውጧት፤ መሬት ላይ ስትቀመጥ ቤዙ ያብጣል።

አሁን ወደ መብራቱ። የኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ዘመድ ከአሜሪካ ያመጣት አምፕ የተሠራችው ለ120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው። ቮልቱን የሚቀንስ ትራንስፎርመር ይገኛል፤ ለ5 ዋቷ ባለ 200 ዋት ከበቂ በላይ ነው። ኸርዙን ግን አይቀይርም። ለ60 ብቻ የተሠራ ትራንስፎርመር በ50 ሲሠራ ብረቱ ውስጥ ያለው መግነጢስ በአንድ አምስተኛ ይጨምርና ይግላል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ጀርባዋ ላይ 50/60 የሚል መኖሩን አንብቡ።

ሌላው የቮልቱ መዋዠቅ ነው። የ12ኤኤክስ7 እና የ6ቪ6 ማሞቂያ ክር በ6.3 ቮልት ነው የሚግለው። ግድግዳው ላይ ያለው ወደ 170 ሲወርድ ክሩ የሚያገኘው 4.9 ያህል ነው፤ ድምፁ ይልፈሰፈሳል፣ ቲዩቡም ይጎዳል። ወደ 250 ሲወጣ 7.2 ገደማ ይደርሳል፤ ዕድሜውን ይበላል። ስታቢላይዘር እንደ ቅንጦት አትቁጠሩት፤ ለአምፕዋ ብቻ የሚሆን ባለ 500 ዋት ይበቃል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ወዲያው ማብሪያዋን አጥፉ። አደገኛው ሰዓት የሚጠፋበት ሳይሆን የሚመጣበት ነው። ከመጣ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ሲረጋ ማብራት ነው። የባትሪን ኤሌክትሪክ ወደ ተለዋዋጭ በሚቀይር ኢንቨርተር የምትሠሩ ከሆነ ንጹሕ ሳይን፣ ማለትም ለስላሳ ሞገድ፣ የሚያወጣውን ያዙ፤ ርካሹ ባለ ማዕዘን ሞገዱ ስፒከሩ ውስጥ ሲንጫጫ ታገኙታላችሁ።

ኧርዝ፣ ያፈተለከውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚያወርደው ሽቦ፣ ደግሞ የሕይወት ጉዳይ ነው። ሦስተኛው እግር ከኧርዝ ጋር ባልተገናኘ ዲቫይደር ላይ ሰክቶ እየዘፈነ የሚጫወት ሰው፣ ከንፈሩ ማይኩን ሲነካ ሊነዝረው ይችላል፤ አንዳንዱ ንዝረት ይገድላል። ያንን እግር ቆርጦ ድዝታን፣ ከስፒከሩ የማያቋርጠውን የእዝዝ ድምፅ፣ ማጥፋት በፍጹም አይደረግም።

ድዝታ ካልን፣ ምንጩን መለየት ቀላል ነው። ቮልዩሙን ዜሮ አድርጉ። ድዝታው ካልቀነሰ ብዙ ጊዜ ያረጀ የማጣሪያ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ዕቃ) ነው፤ ከቮልዩሙ ጋር አብሮ ከጠፋ ኬብሉን ወይም የጊታሩን ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት የሚቀበለውን ማግኔት) ጠርጥሩ። ቲዩቦቹን በእርሳስ ጫፍ ቀስ ብላችሁ መታ መታ ስታደርጉ ደወል የሚመስል ድምፅ በስፒከሩ ከወጣ፣ ያ ቲዩብ መቀየር አለበት። በመስታወቱ ውስጥ ሰማያዊ ብርሃን ማየት ጤናማ ነው። በመሃል ያለው ብረት እንደ ከሰል ፍም ከቀላ ግን በዚያው ቅጽበት አጥፉ፤ ቲዩቡ ከአቅሙ በላይ ኤሌክትሪክ እየሳበ ነው፣ ቀጥሎ የሚቃጠለው ትራንስፎርመሩ ነው። ስፒከሩ ተነቅሎ ሳለም አታብሯት፤ እዚያም የሚጎዳው ትራንስፎርመሩ ነው። ሳጥኗን ራሳችሁ አትክፈቱ። ተነቅላ እንኳ ካፓሲተሮቿ ከ300 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ፤ ለሚያውቅ ባለሙያ ስጧት።

ክረምት ላይ ቁልፎቿ ሲዞሩ መንኮሻኮሽ ከጀመሩ እርጥበት ገብቷል ማለት ነው፤ ኮንታክት ክሊነር ነፍታችሁ ሃያ ጊዜ ወዲያ ወዲህ አዙሯቸው። ቲዩብ እንደ ቤት አምፖል ከየሱቁ አይገኝም፤ ስለዚህ አምፕዋን ስትገዙ ከየዓይነቱ አንድ መጠባበቂያ አብራችሁ ግዙ።

ማታ ጨዋታው ሲያልቅ አጥፍታችሁ ቢያንስ 10 ደቂቃ አስቀምጧት፤ የጋለ ቲዩብ በቶሎ ይሰበራል። ከሐይቁ ዳር ወደ ሽምብጥ በባጃጅ ስትመለሱም ከኋላ አትጫን፣ ጭናችሁ ላይ ትሁን።