ስም ያላገኘው ግራፍ

እንደምን አመሻችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ። ሰፈሩ መብራት ጠፍቶበታል። የጎንደር ሰማይ ግን ጠርቷል፤ እንዲህ ባለው ማታ ኮከቡ ሁሉ ይወጣል።

ባለፈው እሁድ የእህቴ ልጅ ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ ስለ ከዋክብት አንድ ነገር ንገረኝ» አለችኝ። በጣም የምወደው አንድ ግራፍ አለ፤ እሱን ልነግራት ጀመርኩ። ስሙን ልጠራላት ስል ግን የምጠራው ስም አጣሁ። ሲጻፍ ፊደልና ቅንፍ፣ መሃል ላይ እዝባር ነው። ቅንፍ በስልክ እንዴት ይነገራል? አሁንም እናንተ እየሰማችሁኝ ነው እንጂ እያያችሁኝ አይደለም፤ ችግሩ ያው ነው።

ግራፉ እንዲህ ነው። ወደ ጎን፣ ኮከቡ ውስጥ ያለው ብረት ከሃይድሮጅኑ አንጻር። ወደ ላይ፣ ማግኒዥየሙ ከብረቱ አንጻር። መለኪያዋ ፀሐያችን ናት፤ በሁለቱም በኩል ዜሮ ላይ ትቀመጣለች። አንድ እርምጃ ማለት አሥር እጥፍ ነው፤ ስለዚህ ብረቱ የፀሐይን አንድ አሥረኛ የሆነ ኮከብ ኔጌቲቭ አንድ ላይ ይውላል።

ብረት ያነሳቸው ከዋክብት ማግኒዥየማቸው ከፍ ብሎ፣ ልክ እንደ ስሜን አምባ አናት፣ ሜዳ ሆኖ ይሄዳል። ከዚያ መስመሩ እንደ ጉልበት ይታጠፍና ቁልቁል ይወርዳል። ለምን? ግዙፍ ከዋክብት ዕድሜያቸው አጭር ነው። በጥቂት ሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ፈንድተው ኦክስጅንና ማግኒዥየም ይበትናሉ። ብዙውን ብረት የሚያመጣው ሌላ ፍንዳታ ነው፤ ነጭ ድንክ የሚባለው የሞተ ኮከብ ሲፈነዳ። እሱ ይዘገያል፤ አንዳንዱ ቢሊዮን ዓመታት ይቆያል። ብረቱ ሲደርስ መስመሩ ይወርዳል። ያ ሁሉ መዘግየት አንዲት መታጠፊያ ላይ ይነበባል። እኔ ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ይደንቀኛል።

ጆርጅ ዋለርስታይን እ.ኤ.አ. በ1962 ብረት ያነሳቸው ከዋክብት ማግኒዥየምና ካልሲየም እንደሚተርፋቸው አሳየ። ነገሩን በከዋክብት ዕድሜ የፈታችው ደግሞ ቢያትሪስ ቲንስሊ ናት፣ በ1979። ኒውዚላንድ ያደገች፣ የል ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የሆነች ሴት። ከሁለት ዓመት በኋላ በካንሰር ሞተች። ገና 40 ዓመቷ ነበር።

በዚያው በ1979 የኛ ግንቦች በዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ። ግቢውን በጅምላ የፋሲል ግንብ እንለዋለን። የእቴጌ ምንትዋብ ግንብ እኮ እዚያው አጥሩ ውስጥ ቆሟል! ልጅ ሆኜ ስገባ «ይሄ የእሷ ነው» ያለኝ ሰው አልነበረም። ሁሉም ፋሲል ነበር። ዛሬም ያንገበግበኛል።

የከዋክብትን ሙቀትና ድምቀት የሚያሳየው ግራፍ በሄርትዝስፕሩንግና በራስል ስም ይጠራል። ተማሪው ግራፉን ሲያጠና ሰዎቹንም ያውቃል። ይሄኛውም የቲንስሊና የዋለርስታይን ግራፍ ቢባል ደስ ይለኛል። እሱ ቀድሞ ቢያይም እሷን አስቀድማለሁ፤ ሜዳውንና ቁልቁለቱን አንድ ታሪክ ያደረገችው እሷ ናት።

ትናንት ለእህቴ ልጅ መልሼ ደወልኩላት። ስሙን ነገርኳት።

«ቲንስሊ ማነው?» አለችኝ።

«ማናት በይ» አልኳት።